የጋሼ ለሁሉም መደርደሪያ

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ የማይቆልፍ ሰው አለ። የሌለበት መሥሪያ ቤት ከተገኘ ሰውዬው ለዛሬ ፈቃድ ወጥቷል ማለት ነው እንጂ የለም ማለት አይደለም። ጠረጴዛው ሜዳ ነው። ብዕሩን የሚያስፈቅደው የለም፣ ያገኘ አንስቶ ይጽፍበታል። ጃንጥላው ዝናብ በጣለ ቁጥር ከማን ጋር እንደወጣ አይታወቅም፤ ባለቤቱ በስብሶ ይገባና «ደግ፣ ለሰው ጠቅሟል» ይላል። እንዲህ ያለውን ሰው ሁሉም ይወደዋል። አብሮት አንድ ሥራ የሚሠራ ሰው ግን ጠዋት ጠዋት ራሱን ያመዋል።

ራሷን የሚያማት ወይዘሪት ቁልፍ ነበረች። ድረ ገጽ በሚሠራ አንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ፕሮግራመር ናት። ስሙን ያወጡላት የማይቆልፉት ሰው ራሳቸው ናቸው። በተቀጠረች ዕለት የጠረጴዛዋን መሳቢያ ቆልፋ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት አዩና፣ ከልባቸው ተጨንቀው፣ የጠፋባት ነገር እንዳለ ጠየቋት። የለም አለች። «ታዲያ የምትቆልፊው ከማን ነው ልጄ?» አሏት። ወይዘሪት ቁልፍ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ከማን እንደሆነ ስታስብ ዋለች።

እሳቸውንም በስማቸው የሚጠራቸው የለም። ክቡር አንጋፋ ፕሮግራመር፣ የቢሮው አባት፣ የመደርደሪያው የበላይ ጠባቂ፣ ጋሼ ለሁሉም ናቸው። «ለሁሉም ነው» ሳይሉ የመሸላቸው ቀን ስለሌለ ስሙ እንዲያው በራሱ ጊዜ ተለጠፈባቸው። የቤታቸው ቁልፍ ከበሩ ጉበን ላይ እንደሚቀመጥ ቢሮው በሙሉ ያውቃል። የሒሳብ ሠራተኛዋ ከባሏ የተጣላች ቀን ጋሼ ማታ ቤታቸው ሲገቡ ሻይ አፍልታ ነው የጠበቀቻቸው፤ እሳቸውም ምንም ሳይገርማቸው ስኳር እንዳይበዛ ብቻ ነገሯት። የኩላሊት ጠጠር የያዛቸው ጊዜ የጠጠሩን መጠን ከሐኪሙ እኩል የበሩ ጥበቃ ያውቅ ነበር። ጠጠሩ የወጣ ጊዜም በክብሪት ቀፎ ይዘውት መጥተው በስብሰባ መሃል አዞሩት። ሁሉም እየተቀባበለ አየው፤ ምን እንደሚባል ስለጠፋው ሥራ አስኪያጁ «እንኳን ደስ ያለዎ» አላቸው።

የኮምፒውተራቸው የይለፍ ቃል በወፍራም ማርከር ተጽፎ ስክሪኑ አናት ላይ ተለጥፏል። ፊደሉ ከበሩ ሆኖ ይነበባል። በቢሮው የውስጥ ገጽ ላይ መልእክት ሲመጣላቸው ደግሞ ራሳቸው አያነቡትም። አጠገባቸው ያገኙትን ይጠሩና «እስቲ ጮክ ብለሽ አንብቢው፣ ለሁሉም ይሰማ» ይላሉ። በዚህ መንገድ የጥርስ ሐኪማቸው ማስታወሻ፣ የወንድማቸው ወቀሳ፣ የአከራያቸው ቁጣ ሁሉ በየተራ ለሕዝብ ተነቧል።

እስከዚህ ድረስ ወይዘሪት ቁልፍ ምንም አልከፋትም። የከፋት ኮዳቸውን የከፈተች ቀን ነው።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ድረ ገጽ ሰርቨር በሚባል አንድ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል፤ ሰው ከያለበት ሆኖ ይጎበኘዋል። ፕሮግራሙ ማስታወስ የሚፈልገውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ተለዋዋጭ ይባላል። አንዱ ዓይነት ተለዋዋጭ ለእያንዳንዱ ጎብኚ ለየብቻው ይሰጣል፤ መሳቢያ በሉት። ሌላው የሰርቨሩ የራሱ ነው። አንድ ብቻ ነው፤ የመጣ ጎብኚ ሁሉ ያንኑ ያያል፣ ያንኑ ይነካል። በዚያ ቢሮ ይኼኛው «መደርደሪያው» ይባላል፤ ጋሼ ለሁሉም ደግሞ በዕድሜያቸው መሳቢያ ሠርተው አያውቁም።

እንዳይፈረድባቸው፣ እስከዚያ ድረስ የሠሩት ሥራ መሳቢያ የሚፈልግ አልነበረም። የቀለም መሸጫ ነው፣ የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ቤት ነው፣ ሆቴል ነው። የሱቁ ስልክና የሥራ ሰዓት ለመጣው ሁሉ ያው ነው። ወይዘሪት ቁልፍን ግራ ያጋባት ከነዚህ ጎን የተቀመጠው ነበር። ከስልክ ቁጥሩ ቀጥሎ የመረጃ ቋቱ የይለፍ ቃል አለ። ከይለፍ ቃሉ ቀጥሎ የሥራ አስኪያጁ የልደት ቀን አለ። ይባስ ብሎ መደርደሪያውን እንዳለ ዘርግቶ የሚያሳይ ገጽ ሠርተዋል፤ አድራሻውን ያወቀ ሁሉ ይከፍተዋል። ይኼን ሌባም ሊያየው ይችላል ብትላቸው፣ ሌባ የቀለም መሸጫ ምን ያደርግለታል፣ ቤቱን ሊቀባ ነው ወይ ብለው መልሰው ጠየቋት።

ሌላም ነገር ነገረቻቸው። ሁለት ሰው በአንድ ቅጽበት መደርደሪያው ላይ ቢጽፍ አንዱ ያንዱን ይደመስሳል፤ ስለዚህ አንዱ ሲጽፍ ለቅጽበት መቆለፍ፣ ሲጨርስ መክፈት ያስፈልጋል። ጋሼ «መቆለፍ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ተኮማተረ። ሰው ተራውን ይጠብቃል፣ ይኼን ያህል ስድ የለም አሉ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ብላ ተረተችባቸው። «አጥር ከሌለ ምኑን ይነቀንቁታል?» አሏት። ከዚያ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ መሆኑን አስታውሰዋት ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ወይዘሪት ቁልፍ እሷ ልክ እንደሆነች እርግጠኛ ነበረች። ታዲያ ክርክሩን የተሸነፈችው እንዴት እንደሆነ ነው ያልገባት።

እንዲህ እንዲህ እያለ የሆስፒታሉ ሥራ መጣ።

ታካሚዎች በካርድ ቁጥራቸው ገብተው ቀጠሯቸውንና የምርመራ ውጤታቸውን የሚያዩበት ገጽ ነው። ሥራ አስኪያጁ ኮምፒውተር የተማረው ከጋሼ ነው፤ ፊት ለፊት ሊናገራቸው አይደፍርም። ስለዚህ ወይዘሪት ቁልፍን ለብቻዋ ጠርቶ በር ዘጋና ተናገረ። ጋሼ ይህን ሥራ ለብቻቸው ይዘውታል፣ አልሰጥም ብለዋል። የሆስፒታሉ ተወካይ ሲስተር መጥታ ትፈትነዋለች። ካለፈ እሰየው። ካላለፈ ግን ዕድሜያቸውን ሰበብ አድርጎ በክብር ከመሸኘት ሌላ መንገድ እንደሌለው፣ የድርጅቱ ባለቤቶችም ቃል ይኸው እንደሆነ ነገራት። ከክፍሉ ስትወጣ ግራ ተጋብታለች። መደርደሪያው እንዲነሳላት ስትመኝ ኖራለች፤ ሰውዬው ከነመደርደሪያቸው ይነሱ አላለችም።

ሲስተር ልትመጣ አንድ ቀን ሲቀር ሥራ አስኪያጁ ሙከራ እንዲደረግ አዘዘ። የሆስፒታሉ እውነተኛ መዝገብ ከዚያን ዕለት ጠዋት ጀምሮ ከገጹ ጋር ተገናኝቷል፤ የሰው ገመና እንዳይነካ ግን የሒሳብ ሠራተኛዋ የፈጠራ ታካሚዎች አዘጋጀች። አንዷ ነፍሰ ጡር፣ አንዱ ጥርሱን የታመመ፣ አንዱ እግሩ የተሰበረ። ለራሷ ነፍሰ ጡሯን ወሰደች። ጥርስ ለጥበቃው ደረሰው፣ ስብራት ለሥራ አስኪያጁ። ሁሉም በየጠረጴዛው ተቀምጦ ገባ።

መጀመሪያ የተናገረው ሥራ አስኪያጁ ነው። ገጹ እንኳን ደህና መጡ እመቤት ብሎታል። መውለጃዎ ስለተቃረበ በግራ ጎንዎ ይተኙ ይላል። ጥበቃው የተሰበረ እግር አገኘና ስለ ጥርሱ ማንን እንደሚጠይቅ ጠፋው። እንደገና ግቡ ተባለ፤ እንደገና ገቡ። አሁን ደግሞ ሁሉም ጥርሳቸውን ታመሙ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ተናድዳ ብቻዋን ብትገባ ጥበቃውን ጨምሮ ቢሮው በሙሉ አረገዘ። ማን ምን እንደታመመ፣ ማን ማን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ።

ወይዘሪት ቁልፍ ብቻ ገባት። ጋሼ «አሁን የገባው ታካሚ ማነው» የሚለውን መደርደሪያው ላይ አስቀምጠውታል። መደርደሪያው አንድ ነው። ስለዚህ በመጨረሻ የገባው ሰው ማንም ይሁን፣ ሁሉም ሰው እሱን ይሆናል።

ጋሼ በበኩላቸው ኮራ ብለው «እኔ ጋ ይሠራል» አሉ። እውነታቸውን ነው። ማንም ሳይገባ ማለዳ መጥተው ብቻቸውን ነው የሚሞክሩት፤ ብቻውን ለሆነ ሰው ደግሞ መደርደሪያም መሳቢያ ነው። ሥራ አስኪያጁ የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ልጥል ነው ብሎ አጉረመረመ፤ ወይዘሪት ቁልፍን በዓይኑ ገረፍ አድርጎ ሁሉንም ሻይ ለመጠጣት ይዟቸው ወጣ።

ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ጋሼ እንደሚሠራ ሊያስመሰክሩ ቆርጠዋል። አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ ምንም እስኪቀረው ተጠግተው፣ የፈጠራ ታካሚ ትተው፣ የኩላሊቱ ጊዜ ከዚያው ሆስፒታል ያወጡትን የራሳቸውን ካርድ ቁጥር አስገቡ። ወይዘሪት ቁልፍ በዚያው ቅጽበት የራሷን ገጽ አደሰች።

መጀመሪያ ያየችውን ስም አላወቀችውም። የአያት ስሙን ስታይ ነው የጋሼ መሆኑ የገባት። ስለ ኩላሊት የተጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነው፣ ድኗል ይላል። ከሱ በታች የዓይን ክፍል ይላል። ግላኮማ፣ ሁለቱም ዓይን፤ የእይታው መጥበብ እየባሰ ነው። ያለፉት ቀጠሮዎች፣ አልቀረቡም። ለሚቀጥለው ቀጠሮ አጃቢ ይዘው ይምጡ።

ደጋግማ አነበበችው። ጠጠሩን በክብሪት ቀፎ ያዞሩ ሰው። ከዚያ ቀና ስትል በጋሼ ስክሪን አናት ላይ ያለው ወፍራም የማርከር ጽሑፍ ታያት። «ለሁሉም ይሰማ» ትዝ አላት። ስንት ጊዜ አንብባላቸዋለች፤ አንድም ቀን ለምን ብላ አላሰበችም። እስከዛሬ የምታውቃቸውን ሰው ነው የምታውቀው ወይስ ሌላ ሰው፣ ግራ ገባት።

ደረጃው ላይ የሚመለሱት ሰዎች ሳቅ ተሰማ። በክፍሉ ውስጥ ያለው ስክሪን ሁሉ ገጹን እንደከፈተ ነው። አንዱ መጥቶ አንዴ ቢነካው የሚያየው ያንኑ ነው። ሥራ አስኪያጁም ቢያየው የሽኝቱ ሰበብ በእጁ ገባ ማለት ነው። ኮዱን ለማስተካከል ጊዜ የለም። ወይዘሪት ቁልፍ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መደርደሪያውን እንደ ጋሼ ተጠቀመችበት፤ ነፍሰ ጡሯን ሆና ገባች። በአንድ ጊዜ ክፍሉ ሁሉ አረገዘ፣ የጋሼ ዓይን ከሁሉም ስክሪን ወጣ።

ጋሼ ግን ልባቸው አላረፈም፤ ደግመው ገቡ። እሷም ደግማ አረገዘች። ገቡ፣ አረገዘች። ሰዎቹ በር ላይ ሲደርሱ ጋሼ ከስክሪኑ ቀና ብለው፣ በጣም ግራ ተጋብተው፣ ጠሯት።

«ልጄ፣ እስቲ ነይ አንብቢልኝ። ‹እመቤት› የሚል መሰለኝ።»

ሄዳ አጠገባቸው ቆመች። ጮክ ብላ አነበበችላቸው፤ እንኳን ደህና መጡ እመቤት፣ መውለጃዎ ተቃርቧል። የገቡት ሁሉ ሳቁ። ጋሼም አብረው ሳቁ፤ ወንድ ከሆነ ስም ማውጣቱን ለጥበቃው ሰጥቻለሁ አሉ። ሥራ አስኪያጁ ግን አልሳቀም። ነገ ሲስተር መጥታ ይኼንን ብታይ ምን እንደሚል እንደማያውቅ ተናግሮ ቢሮው ገባ፤ ሌሎቹም ወደየሥራቸው ተበተኑ።

ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ጋሼ ሳቃቸውን አቆሙ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቋት።

«እኔ ስገባ ያንቺ ላይ ማንን ነበር የሚያሳየው?»

ወይዘሪት ቁልፍ መዋሸት ፈለገች፤ የሚዋሽ ነገር ግን አልመጣላትም።

«እርስዎን።»

«ኩላሊቱን?»

«ዓይንዎንም፣ ጋሼ።»

ጋሼ ሌላ ማን እንዳየው ጠየቋት። እሷ ብቻ መሆኗን፣ ሌሎቹ ከመድረሳቸው በፊት በነፍሰ ጡሯ እንደሸፈነችው ነገረቻቸው። ይኼን ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደባቸው።

«የዓይን ክፍሉ የራሱ መሳቢያ ያለው መስሎኝ ነበር» አሉ።

ከዚያ በኋላ የነገሯት ነገር ለማንም የነገሩት አልነበረም። የኩላሊት ጠጠር ያስቃል፣ ይወጣል፣ ያልፋል። ዓይን ግን ሲባል ሰው ማዘን ይጀምራል፤ ያዘነለትን ሰው ደግሞ ሥራ አያሠራውም፣ ቁጭ በል ይለዋል። ሆድ ይፍጀው ብለው ያዙት። አጃቢ ይዘህ ና የሚለውን ከሰሙ ወዲህማ ቀጠሮውን ተዉት፤ ለአጃቢ መናገር ስላለ። ቤቱን ለሁሉም የከፈተ ሰው አንድ የሚነግረው ሰው ማጣቱ ወይዘሪት ቁልፍን አሳዘናት፣ አናደዳትም። የትኛው እንደበለጠ መለየት አቃታት።

«ገመናዬን ሸፈንሽልኝ» አሉ በመጨረሻ። «እንግዲህ ሥሪው፣ ያንን መሳቢያሽን።»

ከሰዓት በኋላውን ጎን ለጎን ተቀምጠው ሠሩት። እሷ ትጽፋለች፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይናገራሉ። ምን የት እንዳለ፣ ከየትኛው ገጽ እንደሚጠራ፣ ማን እንደሚነካው በቃላቸው ያውቁታል። ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ ኮዳቸውን የያዙት እንዲሁ በቃላቸው እንደሆነ ስትረዳ እጇ ለአፍታ ከመጻፍ ቆመ። ለማንም ያልነገሩትን ሸክም ይዘው ኖሯል ሲሠሩ የከረሙት። የገባው ታካሚ ማነው የሚለው፣ የካርድ ቁጥሩና ውጤቱ ወደ እያንዳንዱ ጎብኚ መሳቢያ ሄዱ። የመረጃ ቋቱ የይለፍ ቃል ከመደርደሪያውም ከመሳቢያውም ወጥቶ ምንም ገጽ የማይደርስበት ቦታ ተቀመጠ። መደርደሪያውን ዘርግቶ የሚያሳየው ገጽ ጠፋ። የሆስፒታሉ ስልክ፣ የሥራ ሰዓቱና የክፍሎቹ ስም እዚያው መደርደሪያው ላይ ቀሩ፤ ሲጻፍባቸው ግን ለቅጽበት ይቆለፋል። ጋሼ ይኼኛውን ሲሰሙ ተነፈሱ እንጂ አልተከራከሩም።

በማግስቱ ሲስተር መጣች። ነገረኛ ሴት ነች፤ ሁለት ስልክ ይዛ በሁለት ታካሚ ስም ገባች፣ ስልኮቹን አቀያየረች፣ ወጥታ ተመልሳ ገባች። ነፍሰ ጡሯ ነፍሰ ጡር ሆና ቀረች፣ ጥርሱም ጥርስ። ጥሩ ነው አለች። ሥራ አስኪያጁ በደስታ የጋሼን እጅ ጨብጦ ችግሩ ምን እንደነበር ጠየቀ። ጋሼ አፋቸውን ሲከፍቱ ወይዘሪት ቁልፍ ቀደመቻቸው፤ መደርደሪያውን ትንሽ ማስተካከል ነበር አለች።

በቀጠሮው ቀን ከቢሮው ሁለት ሰው ፈቃድ ጠየቀ። የጠጠር መጠን በሚታወቅበት በዚያ ቢሮ ሁለቱ የት እንደሄዱ የሚያውቅ አልነበረም። ጥበቃው ብቻ ጃንጥላው አንዴ ከባለቤቱ ጋር ሲወጣ አይቶ ገርሞታል። ሐኪሙ የሄደውን እንደማይመልስ፣ የቀረውን ግን የዓይን ጠብታው ሳይቋረጥ፣ ቀጠሮው ሳይዘለል ከተያዘ ሊያቆይላቸው እንደሚችል ነገራቸው። ከዚያ ወዲህ ጠብታው በወይዘሪት ቁልፍ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ በየጠዋቱ ከፍታ ታወጣላቸዋለች፣ መልሳ ትቆልፈዋለች፣ ማንም ምን እንደሆነ አይጠይቅም።

አንድ ነገር ግን ከነከናት። የቢሮው የውስጥ ገጽ ፊደል ትንሽ ነው። ለጋሼ ብቻ ብታሳድገው የሚያልፍ የሚያገድመው ስክሪናቸውን አይቶ ለምን ይላል። ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተች፤ መቼም እሷ እንዲህ ያለውን ነገር የምታደርግበትን ቦታ ታውቃለች፣ የምታደርግ ግን አልመሰላትም ነበር።

ሥራ አስኪያጁ አንድ ቀን ጠዋት ከክፍሉ ብቅ ብሎ፣ ይኼን ፊደል እንዲህ ያሳበጠው ማነው፣ ገጹ የልጆች መማሪያ መሰለ እኮ አለ። የሒሳብ ሠራተኛዋ እሷም ላይ እንደዚያው እንደሆነ ተናገረች። ጥበቃው ሳይቀር ከበሩ ሆኖ ማንበብ ችሏል። ሁሉም እርስ በርስ ተያየ።

«እኔ ነኝ» አለች ወይዘሪት ቁልፍ። «ለሁሉም ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ራሱን ነቅንቆ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ጋሼ ወንበራቸውን ከስክሪኑ ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ አደረጉ። መልእክት መጥቶላቸው ነበር። ማንንም ሳይጠሩ፣ ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ፣ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ሲጨርሱ ወደ እሷ ዘንበል ብለው፣ ማንም እንዳይሰማ በሹክሹክታ ጠየቋት።

«መደርደሪያው ላይ ነው ያደረግሽው?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«አልኩሽ እኮ» አሉ።